ስክሪን ለሌለው ማሽን ግራፊክስ ማን ጠራለት? የሊኑክስ ሲስተም ኢሜጅን የማቅለል አሠራር

ሥራው ቀላል ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ከሚዛን ጋር የሚያያዝ ትንሽ ኮምፒውተር። ሚዛኑ ኪሎውን ይልካል፣ ካሜራው ጆንያውን ያነሳል፣ ማሽኑ ይመዘግባል። ማታ ላይ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ አዘጋጅቶ በሲም ካርድ ኢንተርኔት ወደ ቢሮ ይልካል። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራውን ይሠራል፣ በቃ።

ማከማቻው 4 ጊጋባይት ነው። አፕዴት መሃል ላይ መብራት ቢሄድ እንዳይበላሽ ሲስተሙን በሁለት ክፍል ነው ያስቀመጥነው። አንዱ እየሠራ አዲሱ በሌላው ላይ ይጻፋል፣ ደህና ከተነሳ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ኢሜጁ (ማሽኑ ላይ የሚጻፈው ሙሉ ሲስተም በአንድ ፋይል) ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ሜጋባይት ሁለት ጊዜ ቦታ ይይዛል። በዚያ ላይ የሚወርደው በሞባይል ዳታ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ድሬ በሙቀት ጸጥ ባለችበት ሰዓት፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የፓኬጆቹን (የተጫኑትን የሶፍትዌር ጥቅሎች) ዝርዝር ሲያይ ቆይቶ ቀና አለ። «አቦ፣ ይሄ ማሽን ስክሪን የለውም አላልክም? የቪዲዮ ካርድ ድራይቨር እዚህ ምን ይሠራል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሜሳ አለ፣ ግራፊክስ የሚስለው። ኤልኤልቪኤም አለ። ኤክስ11 አለ፣ መስኮት የሚከፍተው። ዜድ3 የሚባል፣ የሎጂክ ቀመር የሚፈታ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ሁሉ አለ። ይሄ ሁሉ ኪሎ ለመመዝገብ!

እነዚህን እንዴት እንዳወጣናቸው ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። ምሳሌዎቼ በደቢያን 12 (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ላይ ናቸው፤ ስለሌሎቹም መጨረሻ አካባቢ ትንሽ እላለሁ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ላይብረሪ በራሱ አይመጣም፣ የጠራው አለ። ድሬ ውስጥ እንግዳን «ማን ጠራህ?» ማለት ነውር ነው። አንድ ሰው ለምሳ ጠርታችሁ ሦስት ሆነው ቢመጡ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ታስቀምጧቸዋላችሁ። እዚህ ግን ይሄን ጥያቄ ሳታፍሩ ጠይቁ። ጠሪውን ሳታገኙ እንግዳውን ብታስወጡ፣ በሚቀጥለው ኢንስቶል ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ለኩ

ምንም ሳትነኩ በፊት ምን ያህል ቦታ በማን እንደተያዘ እወቁ። «ዲፒኬጂ-ኩዌሪ» የሚባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ስምና «ኢንስቶልድ-ሳይዝ» ያወጣላችኋል፣ መጠኑ በኪሎባይት ነው። ውጤቱን ወደ «ሶርት» አስተላልፉና በቁጥር ደርድሩት። ትልልቆቹ ከታች ይሰበሰባሉ። ያንን ዝርዝር በፋይል አስቀምጡ፣ በኋላ ከአዲሱ ጋር ታስተያዩታላችሁ።

አሁን ዝርዝሩ ውስጥ እነዚህን ስሞች ፈልጉ፦ ሜሳ፣ ኤልኤልቪኤም፣ ሊብጂኤል፣ ሊብዲአርኤም፣ ሊብኤክስ11፣ ዌይላንድ፣ ጂቲኬ፣ ኪውቲ፣ ካይሮ፣ ፓንጎ፣ አይከን-ቲም፣ ፎንትስ። ሁሉም ጥፋተኛ ናቸው ማለት አይደለም። ስማቸውን ካያችሁ ግን ቆም በሉ።

ከሁሉም የሚከብደው የሜሳ ሰንሰለት ነው፣ እሱን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ፕሮግራም «ሊብጂኤል1» ይፈልጋል። እሱ «ሊብጂኤልኤክስ0»ን ይጠራል። ያ ደግሞ «ሊብጂኤልኤክስ-ሜሳ0»ን፣ እሱም «ሊብጂኤል1-ሜሳ-ዲአርአይ»ን። እዚህ ጋ «ሊብኤልኤልቪኤም15» ይገባል፣ ብቻውን ዲስክ ላይ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሚይዝ። ኤልኤልቪኤም ኮምፓይለር የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ሜሳ የሚፈልገው ለሁለት ነገር ነው፦ የቪዲዮ ካርድ በሌለበት ምስሉን በዋናው ፕሮሰሰር ለመሳል፣ እና ለኤኤምዲ ካርዶች የሼደር ኮድ (ካርዱ ላይ የሚሠራ የሥዕል ፕሮግራም) ለማዘጋጀት። ከዚያ ኤልኤልቪኤም በተራው ዜድ3ንና ሊብኤክስኤምኤል2ን ይዞ ይመጣል። ሊብኤክስኤምኤል2 ደግሞ የዩኒኮድ ላይብረሪውን አይሲዩን። የተጠራው አንድ ነበር፣ የገባው ሰልፍ ነው።

ጉዳዩ የቦታ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 ኦክቶበር ላይ ሊብኤክስ11 ውስጥ የደህንነት ክፍተቶች ታውቀው ማስተካከያ ወጣላቸው። አንዳንዶቹ እዚያ ኮድ ውስጥ የገቡት በ1988 ነበር፣ 35 ዓመት ማለት ነው። ኢሜጃችሁ ውስጥ ሊብኤክስ11 ካለ ያንን ማስተካከያ በየመጋዘኑ ላሉት ማሽኖች ሁሉ በሞባይል ዳታ መላክ አለባችሁ። ከሌለ ዜናውን አንብባችሁ ሻያችሁን ትጠጣላችሁ።

ደረጃ 2፦ ጠሪውን አግኙ

የኢሜጁን ኮፒ አንሱና በ«ሲኤችሩት» (ኮፒውን ራሱን እንደሚሠራ ሲስተም አድርጎ በሚያስገባችሁ ትእዛዝ) ግቡበት። እዚያ ኮፒ ላይ አፕቲቲዩድን (የደቢያን ፓኬጅ ማስተዳደሪያ) ጫኑ፣ ዋናው ኢሜጅ ውስጥ አትጨምሩት። ከዚያ «አፕቲቲዩድ ዋይ» ብላችሁ የፓኬጁን ስም ስጡት፣ ለምሳሌ ሊብኤልኤልቪኤም15። ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች ያሳያችኋል። አፕቲቲዩድን መጫን ካልፈለጋችሁ «አፕት-ካሽ አርዲፔንድስ» ብላችሁ በሁለት ሰረዝ «ኢንስቶልድ» ጨምሩ። እሱ አንድ እርከን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሰንሰለቱን በእጃችሁ ትከተላላችሁ።

ስታነቡ ሁለት ቃላት ለዩ። «ዲፔንድስ» ማለት ያለዚህ አልሠራም ማለት ነው። «ሪኮመንድስ» ግን ቢኖር ይሻላል ነው። ደቢያን ካልከለከላችሁት በስተቀር የሚመከረውንም አብሮ ይጭናል።

እኛ ጋ ሦስት ጠሪዎች ተገኙ። የመጀመሪያው አስገረመኝ፦ የኤስኤስኤች ሰርቨሩ። ማሽኑን ከሩቅ የምንገባበት፣ መስኮት የሚባል ነገር የማያውቅ ፕሮግራም። «ኤክስኦውዝ» የሚባል ፓኬጅን ይመክራል፣ በኤስኤስኤች በኩል የመስኮት ፕሮግራም ማስተላለፍ ለሚፈልግ ሰው እንዲመች። ኤክስኦውዝ ደግሞ ሊብኤክስ11ን ከነቤተሰቡ ይጠራል። ሁለተኛው የካሜራውን ፎቶ የሚቆርጠው ኦፕንሲቪ ነው። ሦስተኛው ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው የጃቫ ፕሮግራም።

ደረጃ 3፦ የሚመከረውን ዝጉ፣ የሚያስፈልገውን በስሙ ጥሩ

አፕት የደቢያን ፓኬጅ መጫኛ ነው። «ኢቲሲ» ስር፣ ከዚያ «አፕት» ስር፣ «አፕት.ኮንፍ.ዲ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ አዲስ ፋይል ፍጠሩና «አፕት» ብላችሁ፣ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (ኮለን) አድርጋችሁ፣ «ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» ጻፉ፣ ዋጋውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ «ፎልስ» በሉት፣ በነጠላ ሰረዝ ባለ ነጥብ (ሴሚኮለን) ዝጉት። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ «አፕት ኢንስቶል» ላይ በሁለት ሰረዝ «ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» መጨመር ይበቃል። ለኢሜጅ ግን ፋይሉ ይሻላል፣ ሰው ይረሳል።

ኤክስኦውዝ በዚህ ብቻ ሄደ። ምንም አልጎደለም።

ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ከሚመከሩት መካከል የምር የምትፈልጓቸውም አሉ። ከኢንተርኔት ፋይል የሚያወርዱት ከርልና ደብልዩጌት የሚጠቀሙበት «ሲኤ-ሰርቲፊኬትስ» በብዛት የሚመጣው በምክር ነው። እሱ ከሌለ ኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት ሁሉ እምቢ ይላል። ሰዓት የሚያስተካክለው «ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ»ም እንደዚያው። የትንሽ ማሽን የሰዓት ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ያለፈ ዘመን ላይ ይነሳል። ሰዓቱ ከተሳሳተ ሰርቲፊኬቱ «ገና አልጀመረም» ይባላል፣ ሪፖርቱም አይላክም። እኛ በዚህ አንድ ሙሉ ቀን አጥፍተናል። ኔትወርኩን ስንወቅስ ውለን ጥፋቱ የሰዓቱ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁለቱንም በስማቸው ዝርዝራችሁ ውስጥ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ሄድለስ የሆነውን ወንድሙን ውሰዱ

ብዙ ፕሮግራሞች ሁለት መልክ አላቸው፣ አንዱ ከነመስኮቱ፣ አንዱ ያለ መስኮት። ያለ መስኮት ያለው ብዙ ጊዜ «ሄድለስ» ወይም «ኖክስ» የሚል ቅጥያ አለው። ለጃቫ «ኦፕንጄዲኬ-17-ጄአርኢ» ፋንታ «ኦፕንጄዲኬ-17-ጄአርኢ-ሄድለስ»። ለኢማክስ «ኢማክስ-ኖክስ»። ለግኑፕሎት «ግኑፕሎት-ኖክስ»። ቪም ከፈለጋችሁ «ቪም-ታይኒ» ይበቃል፣ የጂቲኬው ምን ያደርግላችኋል?

ኦፕንሲቪ ላይ ግን ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በፒፕ (የፓይዘን ላይብረሪ መጫኛ) «ኦፕንሲቪ-ፓይዘን» ትጭናላችሁ። ፕሮግራሙን ስታስነሱ «ሊብጂኤል.ኤስኦ.1 ሊከፈት አልቻለም» የሚል ስህተት ይወጣል። ስህተቱን ኢንተርኔት ላይ ትፈልጋላችሁ፣ የመጀመሪያው መልስ «አፕት ኢንስቶል ሊብጂኤል1» ይላል። ታደርጉታላችሁ፣ ይሠራል፣ ደስ ይላችኋል። ያን ጊዜ ነው ሜሳና ኤልኤልቪኤም ከነጓዛቸው የገቡት። የእኛ ጠሪ ይሄ ነበር። ከወራት በፊት፣ በችኮላ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ኦፕንሲቪ ሊብጂኤልን የሚፈልገው ፎቶ ለመቁረጥ አይደለም። በመስኮት ከፍቶ ለማሳየት ነው፣ ያንን ደግሞ ስክሪን የሌለው ማሽን በፍጹም አይጠራውም። ትክክለኛው መፍትሔ «ኦፕንሲቪ-ፓይዘን»ን አጥፍቶ «ኦፕንሲቪ-ፓይዘን-ሄድለስ»ን መጫን ነው። ማጥፋቱ የግድ ነው። ሁለቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ አንድ ላይ ከሆኑ ይጋጫሉ። ኮዳችሁ ውስጥ «ኢምሾው» የሚል ትእዛዝ ካለ አውጡት፣ ሄድለሱ ላይ አይሠራም። ሌላ የፓይዘን ላይብረሪ ኦፕንሲቪ-ፓይዘንን እንደገና እንዳይጠራባችሁም «ፒፕ ሊስት» ብላችሁ አረጋግጡ። ማትፕሎትሊብን (የግራፍ መሳያ ላይብረሪ) ከተጠቀማችሁ ደግሞ «ኤምፒኤልባክኤንድ» የሚለውን የሲስተም ተለዋዋጭ «አግ» በሉት፣ ምስሉን ቀጥታ ወደ ፋይል ይጽፋል።

ደረጃ 5፦ ፎንት ላይ አትቸኩሉ

እዚህ ጋ ያጠፋነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። «ፎንት ግራፊክስ ነው» ብለን የአማርኛ ፊደል ያለበትን የኖቶ ፎንት ፓኬጅ አስወጣን። ማሽኑ ተነሳ፣ ሚዛኑ ሠራ፣ ሪፖርቱ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት የመጋዘኑ ሰውዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ቁጥሩ ደህና ነው። የዕቃው ስም ግን ሣጥን ሣጥን ብቻ ነው የሚታየኝ።» ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሁሉም ባዶ ሣጥን ሆነዋል። እሳቸው በቁጥሩ ብቻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመገመት ሲታገሉ ነው ያደሩት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የቀረው ፎንት ደጃቩ ነበር፣ የሄድለስ ጃቫ ሰንሰለት ይዞት የሚመጣ። ደጃቩ የላቲን ፊደልና ቁጥር አለው፣ የግዕዝ ፊደል የለውም። ፎንት የስክሪን ብቻ አይደለም፣ የወረቀትም ነው። አማርኛ የሚያትም ማሽን የአማርኛ ፎንት ያስፈልገዋል፣ ስክሪን ኖረውም አልኖረውም።

ግን ሙሉውን የኖቶ ጥቅል መመለስ አላስፈለገንም። «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚባለው ፓኬጅ ትንሽ ነው፣ ፊደሉም ያምራል። ጫኑትና «ኤፍሲ-ሊስት» ብላችሁ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ «ላንግ እኩል ይሆናል ኤኤም» ብላችሁ ፈትሹ። ቢያንስ አንድ መስመር ከወጣ ማሽናችሁ አማርኛ ማተም ይችላል። ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ ሪፖርት በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ደጃቩ ይበቃል። እኛ አገር ሦስቱም ቋንቋ በአንድ መጋዘን ውስጥ ይኖራል፣ ሦስቱንም ሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ከባዶ ሥሩት

አሁን የምታስቀሩትንና የምታስወጡትን አውቃችኋል። ያለውን ኢሜጅ እየቆራረጡ ከማሳነስ ከባዶ መሥራት ይሻላል። «ዲቡትስትራፕ»ን በሁለት ሰረዝ «ቫሪያንት እኩል ይሆናል ሚንቤዝ» ብላችሁ አስነሱ፣ በጣም አስፈላጊዎቹንና አፕትን ብቻ ይዞ ይጀምራል። ከዚያ የደረጃ 3ን ፋይል አስገቡ፣ ከዚያ ፓኬጆቻችሁን በስም ጫኑ። ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄ የበለጠ ይመለከታችኋል፦ በአንድ ሌየር (ንብርብር) የገባን ፓኬጅ በቀጣዩ ሌየር ብታጠፉት መጠኑ አይቀንስም፣ ከታች ተደብቆ ይቀራል።

የግድ ያለውን ማጽዳት ካለባችሁ ጠሪውን አጥፉ፣ ቀጥሎ «አፕት አውቶሪሙቭ» በሁለት ሰረዝ «ፐርጅ» ጋር። ከመስማማታችሁ በፊት የሚጠፋውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብቡ። የላይብረሪ ፋይልን በ«አርኤም» በእጅ ማጥፋት በጭራሽ አይሞከርም። ዲፒኬጂ (የተጫኑትን ፓኬጆች መዝጋቢ) አለ ብሎ ያምናል፣ ማሽኑ ግን የለውም።

ደረጃ 7፦ በሩን ቆልፉ

ይሄ ለእኔ ከሁሉም የሚወደደው ደረጃ ነው። አፕት ውስጥ «ፕሪፈረንስስ.ዲ» ፎልደር ላይ ሦስት መስመር ያለው ፋይል አስቀምጡ። የመጀመሪያው «ፓኬጅ» ብሎ የማትፈልጓቸውን ይዘረዝራል፦ ሊብጂኤል1-ሜሳ-ዲአርአይ፣ ሊብኤልኤልቪኤም ከኮከብ ምልክት ጋር። ኮከቡ የስሪት ቁጥሩ ሲቀየርም እንዲይዝ ነው። ሁለተኛው «ፒን» ብሎ «ሪሊዝ» ከኮከብ ጋር። ሦስተኛው «ፒን-ፕራዮሪቲ» ብሎ -1። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር «በፍጹም አትጫን» ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሜሳን የሚመክር ፓኬጅ ቢመጣ አፕት ዝም ብሎ ያልፈዋል። የግድ የሚፈልግ ቢመጣ ደግሞ ስህተት ብሎ ይቆማል። የፈለግነውም ይሄንኑ ነው። ማንም በችኮላ ሊብጂኤል1 ሊጭን ሲሞክር ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ከወራት በኋላ መጋዘን ውስጥ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ቡትና ኬርነል

እዚህ አጭር ልሁን። «ፕሊማውዝ» የሚባለው የቡት ምስል ካለ አውጡት። «ሲስተምሲቲኤል ሴት-ዲፎልት መልቲ-ዩዘር.ታርጌት» በሉ። የ«ኢኒትራምኤፍኤስ» (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫን ትንሽ ሲስተም) ኮንፊግ ውስጥ «ሞጁልስ» የሚለውን ከ«ሞስት» ወደ «ዴፕ» ብትቀይሩት ለዚያ ማሽን የሚያስፈልገውን ድራይቨር ብቻ ይይዛል። ግን ኢሜጁ ለተለያዩ ማሽኖች የሚሄድ ከሆነ «ሞስት»ን ተዉት፣ አለዚያ አንዱ ላይ አይነሳም። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከሆነ የደቢያን «ክላውድ» ኬርነል አለ። ለእውነተኛ ዕቃ ግን አይሆንም።

የስክሪን ድራይቨሩን ከኬርነሉ ነቅላችሁ አትጣሉ። ማሽኑ አንድ ቀን እምቢ ሲል፣ ቴክኒሻኑ ሞኒተር ተሸክሞ በባጃጅ ይሄዳል። ሲሰካው ጥቁር ስክሪን ካየ ምን ያድርግ? ጽሑፍ የሚያሳይ ኮንሶል ይኑር። የኤኤምዲ ቺፕ ካላችሁ ደግሞ «ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ»ን ከማውጣታችሁ በፊት ሞኒተር ሰክታችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 9፦ ፈትሹ

ፕሮግራሞቻችሁን በ«ኤልዲዲ» (የሚጠሯቸውን ላይብረሪዎች በሚዘረዝር ትእዛዝ) እዩና «ኖት ፋውንድ» የሚል ፈልጉ። ይሄ ብቻ ግን አይበቃም። አንዳንድ ፕሮግራም ላይብረሪ የሚጠራው ከተነሳ በኋላ ነው፣ ኤልዲዲ አያየውም። ስለዚህ ኢሜጁን በኪውኢኤምዩ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም)፣ «ኖግራፊክ» በሚለው አማራጭ አስነሱትና ሙሉ ሥራውን አሠሩት። ፎቶ አስቆርጡት፣ ፒዲኤፍ አስወጡት፣ ፒዲኤፉን ከፍታችሁ በዓይናችሁ አንብቡት። ሰዓቱን አበላሹና እንደገና አስነሱት።

የት ላይ እንደምናቆምም ልናገር። ፒዲኤፍ ለማውጣት ካይሮን (የሥዕል ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ የደቢያን ካይሮ ሊብኤክስ11ን ይጠራል። ጥቂት ሜጋባይት ነው። ያንን ለማስቀረት ካይሮን ራሳችሁ ኮምፓይል ማድረግ አለባችሁ፣ ከዚያ በኋላ የደህንነት ማስተካከያውን የምትከታተሉት እናንተ ናችሁ። እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ሜሳንና ኤልኤልቪኤምን አሳድዱ፣ ትንንሾቹን ልኩና ወስኑ።

በደቢያን ለማትሠሩ፦ ፌዶራ ላይ የዲኤንኤፍ ኮንፊግ ውስጥ «ኢንስቶል_ዊክ_ዴፕስ»ን «ፎልስ» በሉ። ዮክቶ ላይ «ዲስትሮ_ፊቸርስ» ውስጥ ኤክስ11፣ ዌይላንድ፣ ኦፕንጂኤልና ቩልካንን አውጡ፣ ያን ጊዜ ፓኬጆቹ ሲሠሩ ጀምሮ ያለ እነሱ ይሠራሉ፣ ከሁሉ የጸዳው መንገድ ይሄ ነው። ቢልድሩት ላይ «ሜክ ግራፍ-ሳይዝ» ማን ስንት እንደያዘ፣ «ሜክ ግራፍ-ዲፔንድስ» ማን ማንን እንደጠራ በሥዕል ያሳያችኋል። አልፓይን ላይ «ኤፒኬ ኢንፎ» በትንሹ አር ጠሪውን ይነግራችኋል።

ልጁ በመጨረሻ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ጨመረበት። ኢሜጁ በተሠራ ቁጥር የፓኬጅ ዝርዝሩን ይወስዳል፣ ሜሳ ወይም ኤልኤልቪኤም የሚል ስም ካገኘ ሥራውን ያቆማል፣ የጠሪውንም ሰንሰለት ያትማል። አርዕስቱን በአማርኛ ነው የጻፈው፦ «ማን ጠራው?»